ባቡራችን ተሰረዘ! ሉድሎው እንዴት እንድረስ?

ሜሪ፦ ሰላም ናችሁ? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ከአዲስ አበባ የመጣችውን እናቴን እዚህ እንግሊዝ ያለችውን የሉድሎው ከተማ ገበያ ላሳያት ይዣት ወጥቼ ባቡሩ ተሰረዘ። ትኬቱ ለዚህ ባቡር ብቻ ነው ይላል። ሌላ ልግዛ? እማዬን ጉልበቷን ያማታል፣ ብርዱም አይቻልም። ባትሪዬ ሊያልቅ ነው።

ቡና ጠጪ፦ የት ጣቢያ ነሽ? እኛ እኮ ጠንቋይ አይደለንም ሃሃ።

ሜሪ፦ ሽሩስበሪ! ከበርሚንግሃም መጥተን ልንቀይር ነበር።

ያሬድ፦ ሌላ እንዳትገዢ! የሰረዙት እነሱ ናቸው። በያዝሽው ትኬት በዚያው ድርጅት ቀጣይ ባቡር ትሄጃለሽ። ወደ ሄሪፎርድ የሚሄደውን ያዢ፤ ሉድሎው መቆሙን ግን ሰሌዳው ላይ እዪ። ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው።

ጋሽ ታሪኩ፦ ልጄ፣ ሉድሎው እኮ ተራ ከተማ አይደለችም። ግንቡን ኖርማኖች ናቸው በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጀመሩት። የእንግሊዙ ንጉሥ የሄንሪ 8ኛ ታላቅ ወንድም አርተር እ.ኤ.አ. በ1502 እዚያው ሞተ። እሱ ባይሞት ዙፋኑ ለሄንሪ አይደርስም፤ ሄንሪም የወንድሙን ሚስት ካትሪንን አያገባም። ከዚያ ፍቺው፣ ከሮም ጋር ጠቡ...

ቡና ጠጪ፦ ጋሼ፣ ሴትየዋ ብርድ ላይ ናቸው። ፍቺውን ማታ ይቀጥሉልን።

ትዕግሥት፦ ሌላ ትኬት አትግዢ፣ ባለው ሂጂ።

ያሬድ፦ እሱን እኮ ነው ያልኩት።

ዳዊት፦ ቆይ፣ ዛሬ ማክሰኞ አይደል? የሉድሎው ገበያ የሚቆመው ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ነው። ምን ልታሳያት ነው? ጉዞውን ትታችሁ ወደ መጣችሁበት ከተመለሳችሁ ሙሉ ገንዘቡ ይመለስልሻል። ነገ ሂዱ።

ሜሪ፦ ነገ ማታ በረራ አላት! ገበያ የለም እንዴ?

ሰብለ፦ ሂዱ እንጂ፣ ዳዊትን አትስሚው። ቅዱስ ሎረንስ ቤተ ክርስቲያን ግቡና የመዘምራኑን መቀመጫዎች ሥር ሥሩን እዩ። የእንጨት ቅርጾች አሉ። አንዱ ላይ መስፈሪያ እያጎደለች የምትሸጥ ጠላ ሻጭ ሰይጣን ተሸክሟት ወደ ገሃነም ይወስዳታል። ዋንጫዋን እንኳ አልለቀቀችም! እማማ ይህን ካዩ ገበያውን ይረሱታል። የቤተ ክርስቲያኑ ማማ ላይ ግን እንዳታወጫቸው፣ 200 ገደማ ደረጃ ነው። ከጣቢያው መሃል ከተማ በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆንም ዳገት ስለሆነ ታክሲ ያዙ። ብሮድ ስትሪት የሚባለውን መንገድ ከላይ ሆናችሁ እዩት፤ መውረዱ ቀላል ነው፣ መመለሱ ነው ጉዱ።

ያሬድ፦ ባቡር ጨርሶ ከጠፋ 435 ቁጥር አውቶቡስ አለ። ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ ሰዓቱን አረጋግጪ። 15 ደቂቃና ከዚያ በላይ ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ ደግሞ በ28 ቀን ውስጥ ካሳ ጠይቂ። ትኬቱን እንዳትጥዪው።

ትዕግሥት፦ ሜሪ፣ ተሳፈራችሁ?

ኪሩ፦ ጣልቃ ገባሁ ይቅርታ። ቅዳሜ በመኪና ልሄድ ነው፣ ማቆሚያ ይገኛል?

ሰብለ፦ በገበያ ቀን መሃል ላይ አትድከም። ከተማው ዳር፣ ኤ49 መንገድ አጠገብ፣ ፓርክ ኤንድ ራይድ አለ። መኪናህን እዚያ ትተህ በአውቶቡስ ግባ።