ፋኖስ፣ ነነዌና የዜግነት ነገር

እናት ከኤሽ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ የሉክሰምበርግ ሐበሾች። ፌብሩወሪ 2 ማታ እዚህ ኤሽ ከተማ የልጄ ክፍል ልጆች ለሊሽትሜስዳግ (ለአገሩ የብርሃን በዓል) ፋኖስ ይዘው ቤት ለቤት እየዘፈኑ ይዞራሉ ተብሎ ከትምህርት ቤት ወረቀት መጣ። የኔዋ የ8 ዓመቷ ከካርቶንና ከቀይ ላስቲክ ሠርታ፣ አልጋዋ ራስጌ ሰቅላዋለች። ቀኑ ግን ዘንድሮ ጥር 25 ነው፣ ነነዌ የሚገባበት። የሚሰጧቸው ደግሞ ቸኮሌት! አትሄድም ብል ነገ ዜግነት ስጠይቅ "ከሕዝቡ ጋር አይቀላቀሉም" ብለው ይይዙብኛል ወይ?

ነባሩ፦
እህቴ፣ ፋኖስ የሚቆጥርብሽ የለም። ሕጉ የሚጠይቀው 5 ዓመት መኖር፣ የሉክሰምበርግኛ ፈተና (ንግግሩ በኤ2፣ ማዳመጡ በቢ1 ደረጃ) እና የ24 ሰዓት የአብሮ መኖር ኮርስ ወይም ፈተናውን ነው። ፈረንሳይኛ ይበቃኛል ብለሽ እንዳትዘናጊ፤ ስንቱ ቋንቋው ላይ ወድቆ ቀርቷል። ትምህርት ቤቱም ቢሆን ሃይማኖት አያስተምርም፣ በፈረንጆቹ 2017 ከሕዝብ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወጥቷል። ለልጆቹ ጨዋታ ነው።

የቄሱ ልጅ፦
ጨዋታ ብቻስ አይደለም ጋሼ። እመቤታችን ጌታን በ40 ቀኑ ቤተ መቅደስ ያስገባችበት ነው። አረጋዊው ስምዖን ታቅፎት "ለአሕዛብ ሁሉን የሚገልጥ ብርሃን" አለ (ሉቃስ 2፥32)፤ ካቶሊኮቹ የዓመቱን ሻማ በዚህ ቀን የሚባርኩት ለዚህ ነው። በማግስቱ የቅዱስ ብሌዝ ቀን ካህኑ ሁለት ሻማ አመሳቅሎ ጉሮሮ ላይ አድርጎ ይባርካል። እኛም እኮ የካቲት 8 ልደተ ስምዖንን እናከብራለን። ታኅሣሥ 29ን አንድ ብላችሁ ቁጠሩ፣ 40 ይሞላል። እነሱ ከዲሴምበር 25 ስለሚጀምሩ ቀደሙ እንጂ በዓሉ ባዕድ አይደለም።

ቡሄ በሉ፦
እኔን ያባባኝ ሌላ ነው። አምና ከልጄ ጋር ወጥቼ፣ አንዲት አሮጊት ከላይ በኢንተርኮም ሰምተውን በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወርደው መጡ። ሆያ ሆዬ ብዬ ልጀምር ምንም አልቀረኝ። ሙልሙል የለ፣ ጅራፍ የለ! ልጄ ያገኛትን ሳንቲም "ለአያቴ ላኪልኝ" አለኝ፣ ጨምሬበት ላክሁ። እናቴ መረቀችውና "የጣሪያውስ ነገር?" አለችኝ። ቆርቆሮው ውስጥ ምን እንዳለ እንጃ፣ በየዓመቱ ይወደዳል።

ጥንቁቁ፦
ዘፈኑ ምን እንደሚል የጠየቀ አለ? የአሳማ ጮማና አተር ስጡን ነው የሚለው! የኛ ልጅ በነነዌ በየደጁ ጮማ ይለምን?

ነባሩ፦
ወንድሜ፣ ዛሬ ጮማ የሚሰጥ ማን አለ? ከረሜላ ነው።

የቄሱ ልጅ፦
አተሩስ ጾም ነው 😄

ጥንቁቁ፦
ሳቁ። ከረሜላው ውስጥ ያለው ጄላቲን (ማርጊያው) ከምን እንደሚሠራ ጀርባውን አንብቡ።

ቡሄ በሉ፦
ተቀብላ ታስቀምጠውና ሐሙስ ትብላው፣ ምን ችግር አለው? ልጅ መከልከል ነው እንዴ ጾም?

ጥንቁቁ፦
ሐሙስ ሲሆን አሳማው በግ ይሆናል?

ነባሩ፦
የከብት ጄላቲንም አለ፣ ከአትክልት የሚሠራ ምትክም አለ። የምናውቀውን እንነጋገር።

እናት ከኤሽ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ስለ ዜግነቱ ልቤ አረፈ። ግን ሰኞ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ፈረቃ ላይ ነኝ። ኤሽ ያላችሁ፣ ከልጆቻችሁ ጋር ይዟት የሚዞር ይኖራል?

ጥንቁቁ፦
ጋሽ ነባሩ፣ የአትክልቱ የቱ ሱቅ ነው የሚሸጠው? ስሙን ጻፉልን እስቲ።