12 ክንድ ጨርቅ ስንት ያርድ ነው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አሜሪካ ነው። እናቴ ከአገር ቤት ደውላ «12 ክንድ ጨርቅ ላኪልኝ» አለችኝ፣ እዚህ ደግሞ ሱቁ የሚሸጠው በያርድ ነው። አንድ ክንድ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው? እንዳያንስባት በጣም ፈራሁ።

መልስ 1፦ ክንድ ማለት ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ ነው። ብዙ ሰው ግማሽ ሜትር ብሎ ይይዘዋል። 12 ክንድ 6 ሜትር አካባቢ ይሆናል። አንድ ያርድ 91.44 ሳንቲ ስለሆነ፣ 6 ተኩል ያርድ ገደማ ማለት ነው። 7 ግዢ፣ ትርፉ አይጎዳም።

መልስ 2፦ እህቴ፣ ዋናው ጥያቄ የማን ክንድ ነው የሚለው ነው። የረጅም ሰውና የአጭር ሰው ክንድ እኩል አይደለም። የኖኅን መርከብ አስቢው፣ ርዝመቱ 300 ክንድ ነው ተብሎ ተጽፏል። ክንዱን 45 ሳንቲ ካደረግሽው 135 ሜትር፣ 50 ካደረግሽው ደግሞ 150 ሜትር ይወጣል። አምስት ሳንቲ ብቻ 15 ሜትር አመጣች! ስለዚህ እማማ ክንዳቸውን በክር ይለኩና ክሩን አንድ ሰው በሜትር ይለካላቸው። ስንዝር ካሉሽም አትደንግጪ፣ ሁለት ስንዝር አንድ ክንድ ነው።

ጠያቂ፦ ተባረኩ! ታናሽ እህቴ አሁን ለካቻት፣ 44 ሳንቲ ነው። በ12 ሲባዛ 5 ሜትር ከ28 ሳንቲ። 6 ያርድ ይበቃታል፣ ነገ እገዛለሁ።