«ቀዝቃዛ ኮከብ» ወይስ «በረድ ያለ ኮከብ»?

ጥያቄ፦ ኮከብ ለማየት እንጦጦ ለሚወጡ ተማሪዎች በሚዘጋጀው ማብራሪያ ላይ አልደባራን «ቀዝቃዛ ግዙፍ ኮከብ» ተብሏል። የገጹ ሙቀት 3,900 ኬልቪን ገደማ ነው። ቃሉ ያስኬዳል? «ከባቢ አየሩ»ስ?

መልስ፦ «ቀዝቃዛ» ሲነኩት ለሚበርድ ነገር ነው፤ ለጠላ፣ ለእንጦጦ ንጋት። ብረት እንኳ በሚተንበት ሙቀት ላይ አይቀመጥም። «በረድ ያለ» በሉት። ቡናው በረድ ሲል ይጠጣል እንጂ ቀዝቅዟል አይባልም፤ ከቅድሙ አንጻር ነው። ይህም ኮከብ በረድ ያለው 5,770 ኬልቪን ከሆነችው ፀሐይ አንጻር ነው። «አየር» የምንተነፍሰውን ስለሚያስታውስ፣ የኮከቡ ደግሞ በአብዛኛው ሃይድሮጅን ስለሆነ፣ «ከባቢ ጋዝ» ይሻላል።

ሌላ መልስ፦ እስማማለሁ፤ ግን በረድ ያለው ገጹ ብቻ መሆኑ ይጻፍ። ከገጹ በላይ ያለው የጋዝ ሽፋን፣ ክሮሞስፌር፣ ወደ 10,000 ኬልቪን ይደርሳል። እሱን ለማየት አልትራቫዮሌት፣ ማለትም ሞገዱ ከሐምራዊ ያጠረ ለዓይን የማይታይ ብርሃን፣ የሚፈለገውም ለዚህ ነው፤ እዚያ ገጹ ስለሚጨልም፣ 279.6 እና 280.3 ናኖሜትር ላይ ያሉት የማግኒዥየም መስመሮች (ብርሃኑ በሞገድ ርዝመቱ ሲዘረዘር ማግኒዥየም በራሱ ቦታ የሚያሳያቸው) ጨለማ ቤት ውስጥ እንደተለኮሰ ጧፍ ጎልተው ይወጣሉ። «ከእንጦጦ ይታያል» እንዳትሉ ብቻ! ተራራው 3,200 ሜትር ቢሆን፣ ኦዞኑ በብዛት ያለው ከ15 እስከ 35 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ከ300 ናኖሜትር በታች ያለውን ውጦ ያስቀረዋል። ሀብልን የመሰለ የጠፈር ቴሌስኮፕ የግድ ነው። ከመሬት የሚታዩት ዘመዶቻቸው 393.4 እና 396.8 ላይ ያሉት የካልሲየም መስመሮች ናቸው።

ጥያቄ፦ እግዜር ይስጥልን ጋሼ። «የኮከብ ነፋስ»ስ?

መልስ፦ «ነፋስ» ይሁን፤ ከኮከቡ እየወጣ የሚሄድ ጋዝ ነው፣ አማርኛው አይጠላውም። ወደ እኛ ሲመጣ የማግኒዥየሙን መስመር በአጭር ሞገድ በኩል እንደ ስኒ አፍ ይሸርፈዋል። በሴኮንድ 30 ኪሎሜትር ለሚነፍስ፣ ሽርፉ ከመሐሉ የሚርቀው 0.028 ናኖሜትር ብቻ ነው። ከ0.6 ናኖሜትር ያነሰ ልዩነት ለይቶ በማያይ መሣሪያ ከተነሣ መስመሩ ድፍን ሆኖ ይታያል፤ ነፋስ የለም ተብሎ ይደመደማል።

በከዋክብት መካከል ያለ ማግኒዥየምም እዚያው አካባቢ ቀጭን ሽርፍ ስለሚያወጣ ከነፋስ ጋር ይምታታል። መለያው ከፍ ካለ የኃይል ደረጃ የሚነሡ የብረት መስመሮችን ማየት ነው። በከዋክብት መካከል ያለው ጋዝ እጅግ ስስ በመሆኑ የብረት አተሞቹ ከታችኛው ደረጃ ብዙም አይነሡም፤ ስለዚህ እነዚህ መስመሮች ላይ ሽርፍ ከታየ የኮከቡ የራሱ ነው።