ስታንሊ ካፕ ያላነሳ ግብ ጠባቂ ከታላላቆቹ ተርታ ይቆጠራል?

ከስቶክሆልም፦ ሰላም ቤቶች። ባለፈው እዚሁ አንዳችን «ሄንሪክ ሉንድክቪስት ስታንሊ ካፕ አላነሳም፣ ከታላላቆቹ ጋር አትቀላቅሉት» ብሎ ነበር። አልተዋጠልኝም፤ እስቲ በደንብ እንከራከርበት። የበረዶ ሆኪ ለማትከታተሉ፦ ሰውየው ስዊድናዊ ግብ ጠባቂ ነው። የሻምፒዮኑ ዋንጫ ስታንሊ ካፕ በሚባልበት በሰሜን አሜሪካው ሊግ ከ2005 እስከ 2020 ለኒውዮርክ ሬንጀርስ ብቻ ተጫወተ። 887 ጨዋታ፣ 459 ድል። በ2012 የሊጉ ምርጥ ግብ ጠባቂ ተብሎ የቬዚናን ሽልማት ወሰደ። በ2023 ደግሞ ዕድሉ በደረሰው በመጀመሪያው ዓመት የሆኪ ዝነኞች መዝገብ ውስጥ ገባ። ዋንጫው ግን የለም።

ከቶሮንቶ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እዛው ነኝ። ጎበዝ አይደለም አላልኩም። ግን ታላቅ ስንል ከእነማን ጎን ልናቆመው ነው? ከበረኞቹ ፓትሪክ ርዋ 4 ዋንጫ አለው። ማርቲን ብሮደር 3። ዶሚኒክ ሃሼክ 2። ሉንድክቪስት በጥሎ ማለፍ 61 ጊዜ አሸንፎ 67 ጊዜ ተሸንፏል። የደሞዙን ነገርም እንዳትረሱ። በ2013 መጨረሻ የ7 ዓመት ውል በ59.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ሊጉ ደግሞ የደሞዝ ጣሪያ አለው፤ ክለብ ለተጫዋቾቹ በጠቅላላ ከተወሰነው በላይ አይከፍልም። በዓመት 8.5 ሚሊዮን ለአንድ በረኛ ከከፈልክ ጎል አግቢ በምን ትገዛለህ?

ከኒውዮርክ፦ ወንድሜ፣ የደሞዙን ነገር ለከፈለው ክለብ ንገረው። እኔ የማወራው ስለ ጨዋታው ነው። የ2014ን ፍጻሜ ከሎስ አንጀለስ ኪንግስ ጋር ያየ ሰው «ዋንጫ የሌለው በራሱ ጥፋት ነው» ብሎ ሊናገር አይችልም። ፍጻሜው ቀድሞ 4 ጨዋታ ያሸነፈ የሚወስደው ነው። 4 ለ 1 ተሸነፉ ይባላል፤ ውጤቱን ብቻ ያነበበ የተጨፈጨፉ ይመስለዋል። ከአራቱ ሽንፈት ሦስቱ በተጨማሪ ሰዓት የመጣ ነው፤ ከሦስቱ ሁለቱ ደግሞ ሁለተኛው ተጨማሪ ሰዓት ድረስ ሄደዋል። አንዱ ጨዋታ 3 ለ 0 ነው፤ ጓደኞቹ አንድም ጎል ካላገቡ በረኛ ምን ያድርግ? በመጨረሻው ጨዋታ 51 ሙከራ ተሞክሮበት 48ቱን አዳነ፣ ከዚያ የኪንግሱ አሌክ ማርቲኔዝ አገባበትና አለቀ። አርባ ስምንት! በዚያ ሌሊት ከዚህ በላይ ምን ይጠበቅበት ነበር?

ከቶሮንቶ፦ ግማሹን ነው የነገርከን። በመጀመሪያውም በሁለተኛውም ጨዋታ ሬንጀርስ 2 ለ 0 ሲመሩ ነበር። በሁለተኛው እንዲያውም ሦስት ጊዜ በሁለት ጎል መርተው 5 ለ 4 ተሸነፉ። ያን ጊዜ ግቡ ላይ የቆመው ማን ነበር? ርዋን ወይ ሃሼክን ሁለት ጎል አስቀድመህ ብትሰጣቸው በሩን ይዘጉልሃል።

ከኒውዮርክ፦ በሁለተኛው ጨዋታ 4 ለ 2 እየመሩ የገባውን ሦስተኛ ጎል መልሰህ እየው። የኪንግስ አጥቂ ድዋይት ኪንግ በረኛው ላይ ወድቆበታል። ሉንድክቪስት እዛው ጮኸ፣ ተከራከረ፣ ዳኛው ግን ጎሉን አጸደቀ። ያኔ አሰልጣኝ ቪዲዮ ይታይልኝ ብሎ የሚጠይቅበት ደንብ አልነበረም፤ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አራተኛውን ጨዋታ ደግሞ ልጨምርልህ። ሬንጀርስ 2 ለ 1 ያሸነፉት እሱ 40 ኳስ አድኖ ነው። መጨረሻው ላይ ፓኩ (በሆኪ እንደ ኳስ የሚመታው ጠፍጣፋ ጎማ) በስሩ ሾልኮ ወደ መረቡ ሲሄድ መስመሩ ላይ ቆመ። ያቆመው በተጫዋቾቹ ጫማ ተፍቆ የተከመረው በረዶ ነው። ዴሪክ ስቴፓን ደርሶ በጓንቱ ገፋ አድርጎ መልሶ ሉንድክቪስት ሥር ከተተው። ይሄ ስፖርት በዚህች ታህል ነገር ነው የሚወሰነው። በዋንጫ ብቻ ሰው አትመዝኑ የምለው ለዚህ ነው።

ከጎተንበርግ፦ እኔ የሚያናድደኝ ስታንሊ ካፕ ብቻ ዋንጫ የሆነ ይመስል መከራከራችሁ ነው። እዚህ ከተማ ሄዳችሁ ጠይቁ። በ2000 የሊጉ ክለቦች ወጣቶችን በየተራ ሲመርጡ ሬንጀርስ የወሰዱት 205ኛ ላይ ነበር፤ መንትያው ዮኤል እንኳን 68ኛ ላይ ነው የተመረጠው። ማንም ከቁብ ያልቆጠረው ልጅ ከከተማችን ክለብ ከፍሮሉንዳ ጋር በ2003ም በ2005ም የስዊድን ሻምፒዮን ሆነ። የ2005ቱን ደግሞ ልብ በሉ፤ የአሜሪካው ሊግ በደሞዝ ውዝግብ ተዘግቶ ትላልቆቹ ተጫዋቾች አውሮፓ የመጡበት ዓመት ነው። በዚያ ላይ በ2006 ቱሪን ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ። ፍጻሜው ከፊንላንድ ጋር፣ 3 ለ 2፣ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች የኦሊ ዮኪነንን ምት ያዳነው እሱ ነው። በ2017 ደግሞ ኮሎኝ ላይ የዓለም ሻምፒዮና፤ አምበሉ ያው መንትያው ዮኤል። ካናዳን በመለያ ምት ሲያሸንፉ አንድም አላስገባም። የሁለት ወንድማማቾች ወርቅ ዋንጫ አይደለም ብትሉኝ አልሰማችሁም።

ከስቶክሆልም፦ ልክ ነሽ እህቴ። እግር ኳስ ለሚከታተል ቡፎንን አስቡት። ሦስት የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ተሸንፎ ዋንጫውን አላነሳም። እሱም በ2006 የዓለም ዋንጫን ወስዷል። ቡፎን ታላቅ አይደለም የሚል አጋጥሞኝ አያውቅም።

ከኡፕሳላ፦ ልጆች፣ እኔ ከእናንተ በዕድሜ እበልጣለሁ፤ በአንድ ኳስ ሰው ሲፈረድበት አይቻለሁ። ቶሚ ሳሎን የሚያስታውስ አለ? በ1994 ሊልሃመር ላይ የካናዳውን የፖል ካሪያን መለያ ምት አድኖ ስዊድንን የኦሎምፒክ ወርቅ ያስጨበጠ በረኛ ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ ሶልት ሌክ ላይ ከቤላሩስ ጋር ሲጫወቱ ከመሃል ሜዳ አካባቢ የተመታ ፓክ ራሱን መትቶት ነጥሮ መረብ ገባ። ስዊድን 4 ለ 3 ተሸንፋ ከሩብ ፍጻሜ ወጣች። ዛሬ ስሙ ሲነሳ ሰው የሚያስታውሰው ያችን ኳስ ነው። የ1994ቱን ወርቅ የሚያነሳለት ጥቂት ነው። ይሄ ፍርድ ያኔም አልጣመኝም፣ ሉንድክቪስት ላይም አይጥመኝም።

ከቶሮንቶ፦ ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ፤ ግን የሳሎ ጉዳይ ሌላ ነው። እኔ በአንድ ኳስ አልፈረድኩም። 15 ዓመት ሙሉ ዕድል ነበረው። በ2015 ሬንጀርስ በመደበኛው ውድድር ከሊጉ አንደኛ ወጥተው ሜዳቸው ላይ ሰባተኛውን ጨዋታ በታምፓ ተሸነፉ።

ከኒውዮርክ፦ ስንት ለስንት ተሸነፉ? ለምን አትናገርም? 2 ለ 0! ያንን ጨዋታ አንተ ራስህ እንደ ማስረጃ ማምጣትህ ይገርማል።

ከጎተንበርግ፦ ዋንጫውን አልፈለገውም እንዳትሉ ብቻ። ሬንጀርስ በ2020 ውሉን ከፍለው ሲያሰናብቱት ቤቱ መግባት ይችል ነበር። እሱ ግን በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ለዋሽንግተን ፈረመ፣ ለዚያች ዋንጫ ሲል። ከዚያ ሐኪሞች ልቡ ላይ ችግር አገኙ፤ በጥር 2021 ደረቱ ተከፍቶ የልቡ ቫልቭ ተቀየረ። አንድ ጨዋታ እንኳን ሳይጫወትላቸው ጫማውን ሰቀለ።

ከስቶክሆልም፦ ቶሮንቶ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅህ። በ2012 ቬዚናን የወሰደው ሉንድክቪስት ነው፤ ዋንጫውን የወሰደው የኪንግሱ ጆናታን ኩዊክ። በዚያ ዓመት አንዱን ምረጥ ብትባል ማንን ትመርጣለህ?

ከቶሮንቶ፦ ኩዊክን። ሳላመነታ። ቬዚና ድምፅ የሚሰጥበት ለመደበኛው ውድድር ነው። ኩዊክ በጥሎ ማለፉ 16 አሸንፎ 4 ብቻ ተሸነፈ።

ከኒውዮርክ፦ እኔ ሉንድክቪስትን። ያን ዓመት ኦታዋንም ዋሽንግተንንም ያለፉት ሰባት ሰባት ጨዋታ ተጫውተው ነው፤ ሁለቱንም ሰባተኛ ጨዋታ 2 ለ 1 አሸንፈዋል። በአንድ ጎል ልዩነት ቡድን ተሸክሞ እስከ ግማሽ ፍጻሜ የሚያደርስ ሌላ በረኛ ካለ ነው ኩዊክን የምቀበልህ።