ኤሲዬ ሙቅ አየር ይነፋል፣ ነገ ዓባይ በረሃን ልሻገር ነው

የማርቆስ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ደብረ ማርቆስ ነው። መኪናዋ ኮሮላ ናት፣ 94 ሞዴል። ኤሲው ዛሬ ድንገት ሙቅ አየር መንፋት ጀመረ። ነገ እናቴን ለሐኪም ቀጠሮ አዲስ አበባ ማድረስ አለብኝ። አስም አለባት። ከደጀን በታች ያንን ሙቀትና አቧራ መስኮት ከፍታ አትችለውም። ዛሬ ማታ በራሴ የምሠራው ነገር ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሾፌሩ ከቡሬ፦
ጋዝ አልቋል። አስሞላ፣ በቃ።

ጋቢ ለባሹ፦
የማርቆስ ሰው ደግሞ ኤሲ ምን ያደርግለታል? ብርዱ በነፃ አይደል እንዴ! የምሬን ግን፣ ማለዳ ተነሡና ፀሐይ ሳትከር በረሃውን እለፉት። ለኤሲ የምታወጣው ብር ለጎማ ይሁንህ።

የማርቆስ ልጅ፦
ማለዳ መነሣቱን ተቀብያለሁ። ስንመለስ ግን ቀትር ላይ ነው የምንደርሰው። እናቴ ሲያፍናት አላየህም።

የድሮ መካኒክ፦
የጋዙን ነገር በደንብ እናውራው። የድሮ መኪኖች ኤሲ የሚሠራው አር 12 በሚባል ማቀዝቀዣ ጋዝ ነበር። ኦዞንን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ምርቱን መገደብ ጀመረ። በ90ዎቹ መጀመሪያ ፋብሪካዎቹ ወደ አር 134ኤ ዞሩ። የሁለቱ ዘይት አንድ አይደለም፣ መቀላቀል አይቻልም። ያንተ መኪና መሸጋገሪያው ላይ ስለሆነች ከኮፈኑ ሥር ያለውን ጽሑፍ አንብብ። ደግሞ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። ካነሰ በሆነ ቦታ ወጥቷል ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይገኝ መሙላት ብር መበተን ነው።

ሾፌሩ ከቡሬ፦
እኔስ ምን አልኩ? ጋዝ ነው።

የባሕር ዳሯ፦
ወንድሜ፣ ዋናውን አልነገርከንም። ስትነዳም ሙቅ ነው ወይስ ስትቆም ብቻ? ኤሲውን ስትጫን ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው) «ጠቅ» ይላል?

የማርቆስ ልጅ፦
ጠቅ ይላል። አሁን ነድቼ አየሁት። ሲሄድ ይቀዘቅዛል፣ ሲቆም ሙቅ ይሆናል።

የባሕር ዳሯ፦
እንግዲያው መጀመሪያ ፋኑን ጠርጥር። ከራዲያተሩ ፊት ያለው ቀጭን ፍርግርግ ኮንደንሰሩ ነው፣ ሙቀቱን የሚጥለው እሱ ነው። ስትነዳ ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል፣ ስትቆም ግን ሥራው የፋኑ ነው። ሞተሩን አስነሣና ኤሲውን አብራ። ፋኑ ይዞራል? እጅህን እንዳታስገባ፣ የቆመ ፋን ሳታስበው ይነሣል።

ካልዞረ ፊውዙን እይ። ቀጥለህ ሪሌውን (ለፋኑ መብራት የሚያበራና የሚያጠፋውን ትንሽ ሳጥን) ንቀልና የፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ተመሳሳይ ቁጥር ካለው ጋር ቀያይረህ ሞክር። እምቢ ካለ የፋኑን ሶኬት ንቀል። ፒኑ ጠቁሮ ወይም ፕላስቲኩ ቀልጦ ከሆነ ችግሩን አገኘኸው።

ፋኑ የሚዞር ከሆነ ኮንደንሰሩን በባትሪ እያበራህ እየው። በመኸር ከዐውድማ አጠገብ ያለፈ መኪና የጤፍ ገለባ ክንፎቹ መሀል ጥቅጥቅ ብሎ ይገኝበታል። በቀስታ ውሃ እጠበው። የእጥበት ቤቱ ኃይለኛ ፓምፕ ክንፎቹን ያስተኛቸዋል።

አንድ ሌላ ሙከራ፦ ቆመህ ሞተሩ እየሠራ ኮንደንሰሩ ላይ ከፊት በኩል ውሃ አፍስስበት። ወዲያው አየሩ ከቀዘቀዘ ጋዝ አለህ፣ ያጣኸው ነፋስ ነው።

ሾፌሩ ከቡሬ፦
ትንሽ ጋዝ ቢጨመርበትስ? አይጎዳም።

የባሕር ዳሯ፦
ይጎዳል እንጂ! ፋን ሳይዞር ጋዝ ከተጨመረ ግፊቱ ይንራል፣ ኮምፕረሰሩን ይበላዋል። እባክህ ይህን ምክር ለማንም አትስጥ።

የድሮ መካኒክ፦
እሷ ልክ ናት። እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ከድልድዩ ወደ ጎሃ ጽዮን ስትወጣ ዳገቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። የሙቀት መለኪያው መርፌ ከተለመደው ቦታ ከተነሣ ኤሲውን ወዲያው አጥፋ። ኮንደንሰሩ የሚጥለው ሙቀት ራዲያተሩ ላይ ነው የሚያርፈው። ለእናትህ ደግሞ አየሩን ከውጭ እንዳይስብ፣ የውስጡን እንዲያዞር አድርገው። አቧራው በብዙ ይቀንስላታል።

ጋቢ ለባሹ፦
እናትህን እግዜር ይማርልህ። ፋኑ ዞረ?

ዳንግላ፦
ይቅርታ፣ በሰው ጥያቄ ገባሁ። የእኔ ቪትዝ ኤሲ ሲበራ ተሳፋሪው እግር ሥር ውሃ ታፈሳለች። ራዲያተር ነው?

የባሕር ዳሯ፦
ጣፋጭ ሽታ ከሌለውና ንጹሕ ውሃ ከሆነ አይደለም። ከኢቫፖሬተሩ (አየሩን ከሚያቀዘቅዘው የኤሲ ክፍል) የሚንጠባጠበውን ውሃ ወደ ውጭ የምታወጣው ቀጭን ጎማ ተደፍና ይሆናል። ከመኪናው ሥር ፈልጋትና በለስላሳ ሽቦ በቀስታ ጥረጋት።