አላብብ ያለኝ ክራብ አፕል፦ ምክራችሁን እሻለሁ

የተከበራችሁ የአትክልት ባለሙያዎች፣

ነዋሪነቴ ሐዋሳ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ለአበባው ውበት ብዬ በግቢዬ የተከልኩት፣ በሌላ የአፕል ሥር ላይ የተዳቀለ ክራብ አፕል (ትንንሽ ፍሬ የሚያፈራ የአፕል ዓይነት)፣ ቁመቱ ከእኔ ቢያልፍም እስከ ዛሬ አንድም አበባ አላሳየኝም። ቅጠሉን በአንድ ጊዜ አያራግፍም፤ አንዱ ቅርንጫፍ ሲያቆጠቁጥ ሌላው ያረጀና የጠቆረ ቅጠሉን እንደያዘ ይከርማል።

የአፕል ዘር እንቡጡን በደንብ ለመክፈት ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ብዙውን ጊዜ ለመቶዎች ሰዓታት እንደሚያስፈልገው አንብቤያለሁ፤ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ከተማችን ደግሞ እንደ ጨንቻ ደጋ አይደለችም። ችግኙን የሸጠልኝ ሰው ይህን አለመንገሩ እስካሁን ይከነክነኛል። በሞቃት አገሮች ቅጠሉን በእጅ አራግፎ ዛፉን እንዲያቆጠቁጥ ማስገደድ የተለመደ ነውና፣ እኔም ዝናቡ ካቆመ በኋላ በኅዳር ልሞክረው ብዬ አስቤያለሁ። ጊዜው ትክክል ነው? ውኃውንስ ለስንት ሳምንት ልከልክለው?

በተጨማሪም ከተዳቀለበት እብጠት በታች፣ ከአፈሩ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ቅጠሉ ከላይኛው የሚለይ ጠንካራ ቡቃያ ወጥቷል። ጉልበቱን እየነጠቀው ይመስለኛል፤ አሁኑኑ ከመነሻው ልቁረጠው ወይስ ልታገሥ?