የጡረታ አካውንትና ክሪፕቶ፦ ለማርች ጉባኤ የሚቀርበውን ሐሳብ አብረን እናርቀው

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እሑድ ዕለት ከቡናው በኋላ የተነሳው ጉዳይ ሳይቋጭ ተበተንን። የአዳራሹ ሰውዬ መብራት ማጥፋት ጀምሮ ስለነበር ነው። እዚህ እንጨርሰው። በአጭሩ፣ ክሪፕቶን (እንደ ቢትኮይን ያለውን ዲጂታል ገንዘብ) ጡረታ አካውንት ውስጥ ስለማስገባት የሚጠይቁ አባሎች በዝተዋል። አንዳንዶቹማ ጀምረዋል። በማርች ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ገጽ ሐሳብ ይዘን እንድንቀርብ ታዘናል። እስካሁን ያለን ረቂቅ ይኸው፦

1. እድሩ ስለ «ክሪፕቶ አይ.አር.ኤ» (አይ.አር.ኤ እዚህ አሜሪካ ሰው በራሱ ስም የሚከፍተው የጡረታ አካውንት ነው) ለአባላት ትምህርት ያዘጋጅ።
2. ከአንድ ድርጅት ጋር ተስማምቶ አባላት በቡድን እንዲመዘገቡ ያድርግ።
3. ከእድሩ ተቀማጭ በጥቂቱ ቢትኮይን ይገዛ።

ቁረጡ፣ ጨምሩ። እስከ ኀሙስ ማታ ክፍት ነው። ዓመት ስትጠቅሱ በፈረንጁ ይሁን፤ ባለፈው ተደናግረናል።

ገንዘብ ያዥ፦
ሦስተኛው ይውጣ። የእድሩ ገንዘብ የሬሳ መሸኛ ነው። ሰው ሲያርፍብን በዚያው ሳምንት ቼክ የምጽፈው እኔ ነኝ። ለሐዘንተኛ «ገበያው እስኪመለስ ታገሡ» ልል ነው?

ጸሐፊዋ፦
ወጥቷል።

ኮምፒውተር የሚሠራው፦
ሦስተኛውን ያስገባሁት እኔ ነበርኩ፤ እሺ፣ ተሸነፍኩ። ስለ ሁለተኛው ግን እከራከራለሁ። ነገሩ እኮ ተለውጧል። በጃንዋሪ 2024 የቢትኮይን ኢ.ቲ.ኤፍ (ቢትኮይን ራሱን የሚይዝ ፈንድ) ተፈቅዶ እንደ ማንኛውም አክሲዮን መሸጥ ጀመረ። የሠራተኛ ሚኒስቴሩ በ2022 ለአሠሪዎች «401ኬ (አሠሪ ለሠራተኛው የሚከፍተው የጡረታ አካውንት) ውስጥ ክሪፕቶ ከማስገባታችሁ በፊት እጅግ ተጠንቀቁ» ብሎ ነበር፤ በሜይ 2025 ያንን ማስጠንቀቂያ ራሱ አነሳው። በኦገስት ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ትእዛዝ ፈረሙ። እኛ ብቻ ዳር ቆመን እያየን ነው። ያነጋገርኩት ድርጅት ከ20 ሰው በላይ ካመጣን የመክፈቻ ክፍያ የለም ብሎኛል። ለእድሩም በሰው 50 ዶላር ይሰጣል።

ታክስ የምትሠራው፦
ወንድሜ፣ የዘረዘርከው ልክ ነው። ግን መሶቡንና እንጀራውን አንድ አደረግካቸው። አይ.አር.ኤ መሶብ ነው። መንግሥት የታክስ እፎይታ የሰጠው ለመሶቡ ነው። ውስጡ አክሲዮን ይሁን ቦንድ ወይም ቢትኮይን፣ መዋጮው፣ ማውጫው፣ ቅጣቱ ያው ነው። «ክሪፕቶ አይ.አር.ኤ» የሚባል የተለየ ሕግ የለም። የሻጮች ስም ነው።

ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሌላ ነገር አለ። ቢሮዬ ከሚመጡት አበሾች ብዙዎቹ መሶቡም የላቸውም። ኡበርና ታክሲ የሚነዳ ሰው 401ኬ የሚከፍትለት አሠሪ የለውም። እና ኤፕሪል ላይ መጥቶ «ቢትኮይን ይሻለኛል ወይስ ኢቴሪየም?» ይለኛል። አካውንትህ የት ነው ስለው ስልኩን ያወጣል።

ስለዚህ አንደኛው ተራ ቁጥር ይስተካከል። ትምህርቱ ከአካውንቱ ይጀምር። ለ2025 እስከ ኤፕሪል 15፣ 2026 ድረስ 7 ሺህ ዶላር ማስገባት ይቻላል፤ 50 ዓመት ለሞላው 8 ሺህ። ለ2026 ደግሞ 7,500 ሆኗል፤ 50 ለሞላው 8,600። ይህንን የማያውቅ ሰው ፊት ስለ ብሎክቼይን (ክሪፕቶ ስለሚሠራበት ቴክኖሎጂ) ማውራት ጊዜ ማባከን ነው።

ሹፌሩ፦
ስልኩን የሚያወጣው ሰውዬ እኔ ነኝ መሰለኝ 😄 እህቴ፣ በ2020 የገዛሁት ትንሽ ቢትኮይን አለኝ። እሱን እንዳለ ወደ አይ.አር.ኤ ላዛውረው አልችልም?

ታክስ የምትሠራው፦
አትችልም። መዋጮ በጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው። መሸጥ አለብህ። አይ.አር.ኤስ (የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ) ከ2014 ጀምሮ ክሪፕቶን እንደ ንብረት ስለሚያየው ስትሸጥ ትርፉ ይመዘገባል።

ግን ቶሎ አትደንግጥ። ከዓመት በላይ ስለያዝከው የረጅም ጊዜ ትርፍ ነው። ባልና ሚስት አብረው ለ2025 ሲያሳውቁ፣ ታክስ የሚከፈልበት ገቢያቸው ትርፉን ጨምሮ ከ96,700 ዶላር ካልበለጠ በረጅም ጊዜ ትርፍ ላይ የፌዴራል ታክሱ ዜሮ ነው። ይህ መደበኛው ተቀናሽ (ታክስ የማይነካው የገቢ ክፍል) ከወጣ በኋላ ያለው ቁጥር ነው፤ የሁለቱ ተቀናሽ 31,500 ነው። ስቴታችን ሜሪላንድ ግን የራሷን ትወስዳለች። እንግዲህ አስበው። ከመሶቡ ውጭ ሆነህ ምንም የማትከፍል ከሆነ፣ «ታክስ ለማምለጥ» ብለህ መሶብ ውስጥ እስከ 59 ዓመት ተኩል የምትቆልፈው ለምንድን ነው? ለአንዳንዱ መልስ አለው፣ ለአንዳንዱ የለውም። ሻጩ ግን ይህን ስሌት አያሳይህም።

ኮምፒውተር የሚሠራው፦
ዋጋው አሥር እጥፍ ቢያድግስ? ያኔ ዜሮ ላይ አይቀርም።

ታክስ የምትሠራው፦
እዚህ ላይ ትክክል ነህ። ቢሆንም ሮት በሚባለው የአይ.አር.ኤ ዓይነት ውስጥ ከሆነ ብቻ ነው። ሮት ታክስ ከተከፈለበት ገንዘብ ነው የሚገባው። 59 ዓመት ተኩል ካለፈና አካውንቱ 5 ዓመት ከሞላው፣ አሥር እጥፍም ቢሆን ምንም አትከፍልም። ትራዲሽናል በሚባለው ሌላው ዓይነት ላይ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ዛሬ ተቀናሽ ታገኛለህ፤ ስታወጣ ግን ትርፉም ዋናውም እንደ ደመወዝ ይታያል። በውጭ በዝቅተኛ ተመን የሚታየውን የረጅም ጊዜ ትርፍ አንተው በፈቃድህ ወደ ደመወዝ ቀየርከው ማለት ነው።

ከወደቀስ? ከመሶቡ ውጭ ያለ ኪሳራ ከሌላ ትርፍ ይቀነሳል፤ ከተረፈም በዓመት እስከ 3 ሺህ ከደመወዝ ገቢህ ላይ። አይ.አር.ኤ ውስጥ ያለ ኪሳራ ምንም አይቀነስም። ደግሞ የጠፋው ብሩ ብቻ አይደለም። የዓመቱ የ7 ሺህ ቦታ አንዴ ሄደ፤ ምትክ አስገባ የሚልህ የለም።

ነርሷ፦
እኔ የምለው ከቤቴ ነው። ወንድሜ ሆቴል ይሠራ ነበር። በኖቬምበር 2021 ሥራውን ሲለቅ 401ኬው ላይ 40 ሺህ ዶላር ነበረው። የስልክ ግሩፕ ውስጥ ያሉ ሰዎች «አውጣውና ግዛ» አሉት። አወጣ። 20 በመቶው ለታክስ ተይዞ 32 ሺህ ደረሰው። ያን ጊዜ ቢትኮይን ከ60 ሺህ በላይ ነበር። በዓመቱ 16 ሺህ አካባቢ ሆነ። 32ቱ ሺህ ወደ 8 ሺህ ወረደ። ገና 41 ዓመቱ ስለነበር የ10 በመቶ ቅጣት መጣበት፤ 4 ሺህ። የተያዘው ገንዘብ ታክሱንና ቅጣቱን አልሸፈነም፤ ከኪሱ ጨመረ።

ዋጋው በኋላ ተመልሷል፣ እንዲያውም አልፎታል። እሱ ግን ለታክሱ ብሎ ታች ላይ ሸጦት ነበር። እስካሁን ማዕድ ላይ ሲቀመጥ ስልኩን በፊቱ ይደፋዋል።

ይቆጨኝ የነበረው መግዛቱ አይደለም። 401ኬውን በቀጥታ ወደ አይ.አር.ኤ ቢያዛውረው ኖሮ አንድ ዶላር አይያዝበትም ነበር። ይህን የነገረው አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አላውቅም ነበር። በሐሳባችን ላይ «ከ401ኬ ጥሬ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ደውሉልን» የሚል መስመር ካልገባ እኔ አልፈርምም።

ጸሐፊዋ፦
ገብቷል። ከሁሉ በላይ አድርጌዋለሁ።

ኮምፒውተር የሚሠራው፦
የእህታችን ታሪክ ልቤን ነክቶታል። ስለዚህ ሌላ አማራጭ። ድርጅቱን እንተወው። አባላት በአይ.አር.ኤ ሥር የራሳቸውን ኩባንያ አቁመው ቁልፉን (የክሪፕቶውን መክፈቻ ኮድ) በራሳቸው ሃርድዌር ዋሌት (ኮዱን በሚያስቀምጥ ትንሽ መሣሪያ) ላይ ቢይዙስ? ክሪፕቶ ውስጥ ያለነው «ቁልፉ ያንተ ካልሆነ ሳንቲሙም ያንተ አይደለም» እንላለን።

ታክስ የምትሠራው፦
ኧረ ተው! የአይ.አር.ኤ መሠረቱ ንብረቱ በባለአደራ እጅ መሆኑ ነው። በ2021 የታክስ ፍርድ ቤቱ አንድ ጉዳይ ወስኗል። ሴትዮዋ በዚሁ አንተ ባልከው መንገድ በአይ.አር.ኤዋ ኩባንያ የወርቅ ሳንቲም ገዝታ እቤቷ ካዝና ውስጥ አስቀመጠች። ፍርድ ቤቱ «ወስደሽዋል፣ ታክስ ክፈዪበት» አላት። ጉዳዩ የወርቅ ነው፣ የክሪፕቶ አይደለም። ቢሆንም መሳቢያህ ውስጥ ያለውን ዋሌት ከዚያ ካዝና የሚለየው ምን እንደሆነ እኔ ለዳኛ ማስረዳት አልፈልግም።

ኮምፒውተር የሚሠራው፦
ባለአደራውም ይዘረፋል እኮ። በፌብሩዋሪ 2022 ጡረታ አካውንት ከሚያስተዳድር አንድ ድርጅት ሌቦች 36 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የደንበኛ ክሪፕቶ ወስደዋል።

ታክስ የምትሠራው፦
እውነት ነው። ለባንክ ተቀማጭ ዋስትና የሚሰጠው የመንግሥት ተቋም ኤፍ.ዲ.አይ.ሲም ክሪፕቶን አይሸፍንም። ይህም ይጻፍ።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔ የክፍያውን ነገር ወረቀት ላይ ሠራሁት። 7 ሺህ ዶላር እንበል። ብዙዎቹ የታወቁ የቢትኮይን ኢ.ቲ.ኤፎች በዓመት 0.25 በመቶ አካባቢ ያስከፍላሉ፤ 17 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። ሳንቲሙን በቀጥታ የሚገዛ አካውንት ላይ ሲገባ 1 በመቶ፣ ሲወጣ 1 በመቶ ከሆነ 140 ዶላር። ዋጋው ባለበት ቢቆም ከ8 ዓመት በኋላ የኢ.ቲ.ኤፉ ክፍያ ይበልጣል። ስለዚህ «ኢ.ቲ.ኤፍ ምንጊዜም ርካሽ ነው» ብላችሁ እንዳትጽፉ። 20 ዓመት ለሚያስቀምጥ ሰው ላይሆን ይችላል። ግን ያ የሚሆነው ሌላው ድርጅት የዓመት ክፍያ ከሌለው ነው። ልጃችን ካነጋገረው ድርጅት ያመጣውን ወረቀት አየሁት። የመክፈቻውን ትቶ የዓመቱን በትንንሽ ፊደል ታች አስፍሮታል። መነጽር አድርጌ ነው ያገኘሁት።

ኮምፒውተር የሚሠራው፦
አላየሁትም ነበር። ይቅርታ።

የእድሩ ዳኛ (ጋሼ)፦
ልጆቼ፣ ሁሉንም አነበብኩት። ያልተገላበጠ ያራል ይባላል፤ ደግ አድርጋችሁ አገላብጣችሁታል።

እኔ 71 ዓመቴ ነው። በ73 ከትራዲሽናሉ በግድ ማውጣት ልጀምር ነው። የሚወጣው ልክ የሚሰላው ባለፈው ዲሴምበር 31 በነበረው ዋጋ ነው አሉኝ። እንግዲህ ዲሴምበር ላይ ሰማይ ቆይቶ በፋሲካ ቢወድቅ፣ ለዚያው ልክ ብዙ ሳንቲም ልሸጥ ነው። ለእኔ ዕድሜ ይህ አይሆንም። የወጣቱን ወጣቱ ይወስን።

ስለ 50 ዶላሩ ግን አንድ ቃል ልበል። ከድርጅቱ ተቀብዬ ለሰው «ግባበት» ብል፣ እድር ነኝ ወይስ ደላላ? ሁለተኛውን ሰርዙልኝ።

ኮምፒውተር የሚሠራው፦
እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ። ግን አንድ ነገር ይመዝገብልኝ። ሐሳቡ ሰውን የሚያስፈራራ እንዳይሆን። እኔ ሮት ውስጥ በኢ.ቲ.ኤፍ ይዣለሁ፣ አልጸጸትም። «ክሪፕቶ አትንኩ» የሚል ወረቀት ከሆነ ወጣቱ አዳራሹን ትቶ ይሄዳል፤ ከዚያ የሚሰማው የነርሷ ወንድም የሰማቸውን ሰዎች ነው።

ነርሷ፦
በዚህ እስማማለሁ። ልከኛ ንግግር ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ከጡረታው 5 በመቶ በላይ አታድርጉ እንበል?

ታክስ የምትሠራው፦
በመቶኛ አንጻፍ። ፈቃድ ያለን አማካሪዎች አይደለንም፤ የአንዱ 5 በመቶ ለሌላው የልጁ የኮሌጅ ብር ነው። ቁጥር ከምንሰጥ ጥያቄ እንስጥ። «ይህ ገንዘብ በሙሉ ቢጠፋ፣ ጡረታ የምወጣበት ቀን ይገፋል ወይ?»

ገንዘብ ያዥ፦
እኔ አሁንም ቁጥር ይሻል ነበር እላለሁ። ሰው ጥያቄ አይወድም። ተቃውሞዬ ይጻፍ።

ጸሐፊዋ፦
ተጽፏል። አንድ የቀረ ነገር አለ። እድር ነን፤ ስለ ሞት ሳናወራ እንዴት እንጨርሳለን? ባለፈው ዓመት ያረፈ አንድ ወንድማችን ስልኩ ላይ ክሪፕቶ ነበረው ይባላል። ሚስቱ እስከ ዛሬ መክፈቻ ቃላቱን አላገኘችም። አይ.አር.ኤ ላይ ግን የወራሽ ቅጽ አለ። ስም ከተሞላ ባለአደራው ለወራሹ ያስተላልፋል፤ የሚፈለግ የይለፍ ቃል የለም። ክሪፕቶን አይ.አር.ኤ ውስጥ ስለማድረግ ከሰማሁት ክርክር ሁሉ እኔን ያሳመነኝ ይህ ነው፣ ታክሱ አይደለም። እንግዲህ የታደሰው ረቂቅ፦

ሀ. ከ401ኬ ጥሬ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ለኮሚቴው ይደወል። በቀጥታ ማዛወር እንደሚቻል እናስረዳለን።
ለ. ከኤፕሪል 15 በፊት ባለው ቅዳሜ የሦስት ሰዓት ትምህርት ይሰጥ። ሁለቱ ሰዓት ስለ አይ.አር.ኤና ስለ ሮት፣ አንዱ ስለ ክሪፕቶ።
ሐ. እድሩ ድርጅት አይጠቁምም፣ ኮሚሽን አይቀበልም፣ ተቀማጩንም አይነካም።
መ. ቁልፍ እቤት የሚያዝበት አይ.አር.ኤ አይመከርም።
ሠ. ማንኛውም ድርጅት የመክፈቻ፣ የዓመት፣ የመግዣና የመሸጫ ክፍያውን በጽሑፍ ካልሰጠ አይፈረም።
ረ. በዚያው ቀን እያንዳንዱ አባል ስልኩን ከፍቶ የወራሽ ቅጹን ያረጋግጥ።

የእድሩ ዳኛ (ጋሼ)፦
ይሁን። «ረ» የመጀመሪያ ይሁንልኝ። ሰው ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ከደከመ ሳይሞላው ይሄዳል።

ጸሐፊዋ፦
ወደ ላይ ወጣ። ሌላ አስተያየት ከሌለ ኀሙስ ማታ እዘጋዋለሁ። ፕሮጀክተር ያለው ሰው ይንገረኝ፤ የአዳራሹ ተበላሽቷል።

ነርሷ፦
ከእኔ ቤት አለ። ገመዱን ግን ልጆቹ ደብቀውታል።

ሹፌሩ፦
ይቅርታ፣ ዘግይቻለሁ፤ ኤርፖርት ተሰልፌ ነው። «ረ»ን ሳነብ በፊት የፓርኪንግ ሥራ ላይ ሳለሁ የነበረኝን የድሮ አካውንት ከፈትኩት። የይለፍ ቃሉን ለማግኘት 40 ደቂቃ ፈጀብኝ። ወራሽ የሚለው ቦታ ላይ የወንድሜ ስም ነው ያለው። ያኔ ገና አላገባሁም ነበር። ባለቤቴ አጠገቤ ብትሆን ኖሮ... እህቴ፣ ነገ ቢሮሽ ስንት ሰዓት ይከፈታል?